በክረምት የተሰጠ የኢላማ ተኩስ ትምህርት

ጠመንጃ በአገራችን እንግዳ ዕቃ አይደለም። በብዙ የገበሬ ቤት ከምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አባት ለልጁ ያወርሰዋል። ከብት ጠባቂው፣ የሰብል ጠባቂው፣ የመንደር ዘበኛው ይይዘዋል። ይሁን እንጂ በሬ ያለው ሁሉ ጎበዝ አራሽ አይደለም። እንደዚሁም ጠመንጃ መያዝ ሌላ፣ ጠመንጃ ማወቅ ሌላ ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምንነግራችሁ በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በጎፋ ሰፈር ስለ ዋልንበት አንድ የትምህርት ቀን ነው። ያን ቀን የተማርነው ማነጣጠር ብቻ አልነበረም። መቁጠርና መጻፍም ለጠመንጃ እንደሚያስፈልጉ ተምረናል። እንዲያውም በመጨረሻ የሰው ነፍስ ያዳነው ቁጥሩ ነው። ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ክረምትና ጠመንጃ በታሪካችን

በድሮ ዘመን ክረምትና ጠመንጃ አይስማሙም ነበር። የጥንቱ ጠመንጃ ባሩዱ በአፈሙዙ በኩል ይጨመርበትና በዘንግ ይጠቀጠቅ ነበር። እሳቱም ከውጭ ይለኮስለት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ባሩዱ ይርሳል፣ እሳቱ ይጠፋል። የራሰ ባሩድ አይነድም። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ ያለው ሰው ከባለ ጦሩ አይሻልም።

በኋላ ባሩዱ በብረት ቀልሃ ውስጥ የታሸገ ጥይት መጣ። ቀልሃ ለባሩድ እንደ ጎተራ ነው። እህል ከዝናብ በጎተራ እንደሚጠበቅ፣ ባሩድም ከእርጥበት በቀልሃ ይጠበቃል። አያቶቻችን የሚያውቋቸው የጠመንጃ ስሞች ከዚሁ ዘመን የመጡ ናቸው። ሰናድር የተባለው ስናይደር ከተባለ አሜሪካዊ ሰው ስም ነው። ውጅግራ የተባለው ግራ ከተባለ የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ለበን ሌበል ከተባለ ሌላ የፈረንሳይ መኮንን ስም፣ ምንሽርም ማንሊኸር ከተባለ የኦስትሪያ ሰው ስም ነው። ሕዝባችን የባዕዱን ስም በራሱ አፍ አለዝቦ የራሱ አደረገው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው ጦር በእንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች ነው የተዋጋው።

ክረምት ግን ጠመንጃ ከተሻሻለ በኋላም ለጦር ሰው ፈተና ሆኖ ቆይቷል። ፋሽስት ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጦሩን በድንበራችን አከማችቶ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ እስኪያባራና መሬቱ እስኪጠነክር ጠበቀ። መረብን ተሻግሮ የገባው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞቻችን በጠላት የተያዘችውን አዲስ አበባን አጠቁ። ከየአቅጣጫው የመጡት ጦሮች በአንድ ጊዜ ተባብረው መግፋት ስላልቻሉ ከተማዋን ሳያስለቅቁ ቀሩ። በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። ከዚህ የምንማረው ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መደራጀት፣ መናበብና መሠልጠን ያስፈልጋል።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ የታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። ታጠቅ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ይገኛል። በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ብዙ ገበሬ በዚያ ሠለጠነ። አንዱ ወዶ፣ አንዱ ሳይወድ ነው የመጣው። ሥልጠናው ጥቂት ወራት ብቻ ፈጀ። ሰኔ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ሰልፍ አሳየ። ወዲያው ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ብዙው አልተመለሰም። ማረሻ የለመደ እጅ በጥቂት ወራት ጠመንጃ እንዲለምድ ሲጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተመለሱት ይነግሩናል።

ጎፋና ዝግጅታችን

ጎፋ በንፋስ ስልክ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት በነፋስ ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ጎፋ እንደ ዛሬው በቤት የተሞላ አልነበረም። ሜዳ ነበረው፣ ከብት ይግጥበት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ እግር ይይዛል። ጫማ ከእግር ቀርቶ ሰውየው ብቻ ይሄዳል እያልን እንስቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ቀበሌዎች የየራሳቸው ጥበቃ ነበራቸው። ሌሊት ተራ እየገባን ሰፈር እንጠብቃለን። ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በከተማችን ብዙ ወጣት በጥይት አልቆ ነበር። ስለዚህ በሰፈራችን ጠመንጃ የሚለው ቃል ሲነሳ እናቶች ፊታቸው ይለወጥ ነበር። ከጥበቃው አባላትም ብዙዎቹ ስለ መሣሪያው የሚያውቁት ጥቂት ነበር። አንዱ ሲያቀባብል ሌላው ይሸሻል። ጠመንጃ ባርቆበት እግሩን የቆሰለ ሰው ነበር።

አንድ ጡረታ የወጡ አሥር አለቃ በሰፈራችን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከቃኘው ሻለቆች በአንደኛው ኮሪያ ዘምተዋል። ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗቸው።

“አሥር አለቃ፣ እነዚህን ልጆች አንድ ቀን እንኳ ያስተምሩልን።”

“ደመወዝ አልፈልግም፣” አሉ። “ነገር ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የምላቸውን ይስሙ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጥይት ይቆጠር። ሦስተኛ፣ የሚቆጥረው ሰው የሚጽፍ ይሁን።”

“ለምን በክረምት? መስከረም አይሻልም?” አላቸው አንዱ ወጣት።

“ሌባ መስከረምን ይጠብቅልሃል እንዴ ልጄ? በፀሐይ ብቻ የተማረ በዝናብ ይደነግጣል” አሉት።

የሚጽፈው ሰው ማን ይሁን? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ፊደል ቆጥረው ከተመረቁት መካከል አንዲት እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ የሸጡትን እንጀራ በየቀኑ በደብተር ይጽፋሉ። ሒሳባቸው አይሳሳትም። ስለዚህ የጥይት ጸሐፊ እሳቸው ሆኑ። አንዳንድ ወንዶች አጉረመረሙ። “የእንጀራ ሒሳብና የጥይት ሒሳብ አንድ ነው እንዴ?” አሉ። መልሱን በኋላ አገኙት።

የተማሪዎቹ ቁጥር 12 ነበር። ጠመንጃዎቹ 3 ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሰው 3 ጥይት ተመደበ። 12 ጊዜ 3፣ 36 ነው። እትዬ በደብተራቸው ላይ በትልቁ 36 ብለው ጻፉ።

ቦታው እንዴት ተመረጠ?

ቦታው ከሰፈሩ ወጣ ያለ፣ ከወንዝ ማዶ ከፍ ያለ የአፈር ገደል ያለበት ነበር። አሥር አለቃ ቦታውን ሦስት ጊዜ ሄደው አዩት። ምክንያታቸውን እንዲህ ብለው አስረዱን።

የጠመንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ኢላማውን ብትስተው መንገዱን አያቆምም። ሜዳ ላይ የቆመ ኢላማን የሚተኩስ ሰው ከኢላማው በስተጀርባ ያለውን መንደር ነው የሚተኩሰው። ስለዚህ ከኢላማው ኋላ ጥይቱን የሚውጥ ከፍተኛ የአፈር ግድግዳ መኖር አለበት። ግድግዳው አለታማ መሆን የለበትም። ድንጋይ ጥይትን ያነጥራል። ውሃም ያነጥራል። ጠፍጣፋ ድንጋይ በኩሬ ላይ ሲወረወር እየዘለለ እንደሚሄደው ሁሉ፣ በዝቅታ የተተኮሰ ጥይትም ከውሃ ላይ ይነጥራል። በክረምት ሜዳው ኩሬ ስለሚሞላ ይህን ማሰብ የግድ ነው።

በቦታው ዙሪያ በረጅም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። በአራት አቅጣጫ አራት ሰው ቆመ። ሥራቸው ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ማንኛውም መንገደኛ እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። ከዘበኞቹ አንዱ እጁን ካነሳ ተኩሱ ይቆማል። ለምን አነሳህ ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ይቆማል፣ ጥያቄው በኋላ ነው።

በመሬቱ ላይ ጭድ ተነጠፈ፣ በላዩም ጆንያ ተደረበ። የጠመንጃው ማስደገፊያ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ሆነ። ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሸራ ተወጠረ። ከሸራው ሥር ደረቅ ጨርቅ፣ ዘይት፣ የመወልወያ ዘንግ ተዘጋጀ። እናቶች ሽሮና ሻይ በእሳት ላይ ጣዱ። ብርድ የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ኢላማ አይመታም። ስለዚህ ትኩሱ ሻይ ከትምህርቱ ዝግጅት አንዱ ነበር።

የማይጣሱ ሕጎች

አሥር አለቃ ጥይት ከመስጠታቸው በፊት ግማሽ ቀን ባዶ ጠመንጃ ብቻ አስያዙን። እነዚህንም ሕጎች በቃላችን አስጠኑን።

አንደኛ፣ ጠመንጃ ሁሉ ጎርሷል። ባዶ ነው ብለህ ብታምንም እንደ ጎረሰ ቁጠረው። ከሰው እጅ ስትቀበል መዝጊያውን ከፍተህ በዓይንህም በጣትህም ፈትሽ። መዝጊያ ማለት ጥይት የሚገባበትን ቤት የሚከፍተውና የሚዘጋው ብረት ነው።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ሰው ወዳለበት አይዙር። ለቀልድም ቢሆን አይዙር።

ሦስተኛ፣ ለመተኮስ እስክትቆርጥ ድረስ ጣትህ ከምላጩ ላይ አይረፍ።

አራተኛ፣ ከኢላማው በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳታውቅ አትተኩስ።

“ለክረምት ደግሞ ሦስት እጨምራለሁ” አሉ። “ጠመንጃው ከእጅህ ወድቆ አፈሙዙ ጭቃ ከነካ፣ ዘንግ ሳታሳልፍበት አትተኩስ። በአፈሙዙ ውስጥ ጭቃ ወይም ውሃ ካለ ጥይቱ መውጫ ያጣል። ጉልበቱ ወደ ጎን ይሆናል፣ ብረቱንም ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ሁለተኛ፣ ስትሄድ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገህ ያዝ። ዝናብ አይገባበትም። ሦስተኛ፣ መብረቅ ስታይ ቁጠር።”

መቁጠሩን እንዲህ አስረዱን። ብልጭታው ወዲያው ይታያል። ድምፁ ግን በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 3 ሰከንድ ከሆነ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው የወደቀው። 30 ሳንቆጥር ድምፁን ከሰማን መብረቁ ቀርቦናል ማለት ነው። ሥራው ይቆማል። ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። ብረት የያዘ ሰው በሜዳ ላይ አይቆምም።

እንዴት ይነጣጠራል?

ትምህርቱ አራት ነገር ነበር።

አንደኛው አተኛኘት ነው። በደረት ተኝቶ፣ እግርን ከፈት አድርጎ፣ ክርንን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሰደፉን በትከሻ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት። ሰደፉ ላላ ከተባለ ሲተኮስ ትከሻን ይመታል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ፣ የፊቱ ማነጣጠሪያና ኢላማው በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ዓይን ሦስቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ የፊቱን ማነጣጠሪያ አጥርተህ እይ። ኢላማው ትንሽ ይደበዝዝ፣ ግድ የለም።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ስንተነፍስ ደረታችን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጠመንጃውም አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ትንፋሽህን ሳብ፣ ግማሹን አውጣ፣ ያዝ፣ ተኩስ። ብዙ አትያዝ። ረጅም ከያዝከው ዓይንህ ይጨልማል።

አራተኛው ጣት ነው። ምላጭ አይነጠቅም። ላም የሚያልብ ሰው ጡቷን እንዴት ይጫናል? ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ነው። ምላጭም እንዲሁ ነው። ጠመንጃው መቼ እንደሚተኩስ አንተ ራስህ በትክክል ካወቅህ ነጥቀኸዋል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የተተኮሰ ጥይት ግን አይለቀምም።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ “የፀጉር ያህል ብትዛነፍ ምን ችግር አለው?” ብሎ ጠየቀ። አሥር አለቃ እትዬን ጠሩ። “እህቴ፣ ይህን አስሊልኝ” አሉ።

በኋላውና በፊቱ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ኢላማው ያለው በ100 ሜትር ነው። 100 ሜትር 50 ሴንቲ ሜትርን 200 ጊዜ ያጥፈዋል። የፊቱ ማነጣጠሪያ ከቦታው 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቱ ኢላማው ጋ ሲደርስ 200 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ይኸውም 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ነው። በ300 ሜትር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

እትዬ ስሌቱን ጨርሰው ደብተሩን ከፍ አድርገው አሳዩን። ሁላችንም ዝም አልን። ስንዝር ማለት በሌባና በጎረቤት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ዝናብ ጥይቱን ያስተዋል ወይ? ብለንም ጠይቀናል። ጥይት በጣም ፈጣን ስለሆነ ጠብታው መንገዱን ብዙም አያስተውም። ዝናብ የሚያስተው ተኳሹን ነው። ውሃ በቅንድብ ላይ ይወርዳል፣ ማነጣጠሪያው ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ሰውየው ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ቶሎ ጨርሼ ልሂድ የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ገድሏል።

የጎደለው አንድ ጥይት

ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ተጀመረ። ሦስት ሦስት ሰው በተራ ይተኛል። እትዬ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥይት ቆጥረው ይሰጡና ከስሙ ፊት ለፊት ይጽፋሉ። ከተኮሰ በኋላ ቀልሃውን ለቅሞ ይመልሳል። ሦስት ሰጡ፣ ሦስት ተቀበሉ። የመጀመሪያው ቡድን ጨረሰ፣ ሁለተኛው ጨረሰ፣ ሦስተኛው ጨረሰ። ካፊያ ነበር፣ ግን ይቻል ነበር።

አራተኛው ቡድን ተኝቶ እየተኮሰ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ብልጭ አለ። አሥር አለቃ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ሁለት ሲሉ ነጎድጓዱ መጣ። ይኸውም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቋል ማለት ነው።

“ተኩስ አቁም!” አሉ። ቀጥለውም፣ “መዝጊያ ክፈት! ፈትሽ!” አሉ። ነገር ግን ሁለተኛው ትእዛዝ ሲነገር ዝናቡ እንደ ወንዝ ወረደ። ነጎድጓዱም ደገመ። ሰው ሁሉ ወደ ሸራው ሮጠ። ሦስቱ ጠመንጃዎች ከሸራው ምሰሶ ጋር ተደግፈው ቆሙ። ልጆችም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሻይና ሽሮ ሸቷቸው ከሸራው ሥር ተሰበሰቡ። አንድ ትንሽ ልጅ የአንዱን ጠመንጃ ሰደፍ በእጅጌው እየጠረገ ይጫወት ነበር። የከለከለው ሰው አልነበረም። ተኩሱ አልቋል ብለናላ።

እትዬ ቀልሃውን በቆርቆሮ ውስጥ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። “35 ነው” አሉ።

“እትዬ፣ አንዱን ጭቃ ውጦት ነው፤ ይተዉት፣” አላቸው አንዱ። “በዚህ ዝናብ ማን ይፈልጋል?”

“36 ብለው ይጻፉትና እንብላ፣” አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ።

እትዬ አልሳቁም። “ጭቃ ከዋጠው ቀልሃውን ነው። ተተኩሷል ማለት ነው። ካልተተኮሰስ? ጥይቱ የት አለ? እኔ አላውቅም። ያላየሁትን አልጽፍም” አሉ።

አሥር አለቃ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ማንም ሰው ጠመንጃ እንዳይነካ። ልጆቹን ወደ ኋላ፣ ወደ እናቶቻቸው ውሰዱ። አንተ ልጄ፣ እጅህን አንሳ፣ ቀስ በል፣ ወደ እናትህ ሂድ” አሉ።

አንዱን ጠመንጃ አነሱ። አፈሙዙን ወደ አፈር ገደሉ አዙረው ከሸራው ወጡና በዝናብ ውስጥ ቆመው መዝጊያውን ከፈቱ። ባዶ ነበር። ሁለተኛውን አነሱ። ባዶ ነበር። ሦስተኛውን፣ ልጁ ሲጠርገው የነበረውን አነሱ። መዝጊያውን ሲስቡ አንድ ሙሉ ጥይት ዘሎ ወጣና ጭቃው ላይ ወደቀ።

ማንም አልተናገረም። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማ ነበር። የልጁ እናት ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራተኛው ቡድን አንዱ ሁለት ጥይት ተኩሶ ሦስተኛውን አጉርሶ ነበር። ተኩስ አቁም ሲባል አቆመ። ፈትሽ የሚለውን ግን አልሰማም። ሮጠ። ወጣቱ ማልቀስ ጀመረ። አሥር አለቃ ግን እሱን አልቆጡም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። “ትእዛዝ መስጠት አይበቃም፣ መሰማቱን ማየት ነበረብኝ። ከሰው ሁሉ በፊት ሦስቱን ጠመንጃ እኔ መፈተሽ ነበረብኝ። ዝናቡን ሸሽቼ ረሳሁት። ኮሪያ ድረስ ሄጄ የተማርኩትን ጎፋ ላይ ረሳሁት። ዛሬ ያስተማረችን እህታችን ናት።”

እትዬ ጥይቱን ከጭቃ አንስተው ጠረጉት። በደብተሩም ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ “የተሰጠ 36። ቀልሃ 35። ያልተተኮሰ 1። ድምር 36።” ከዚያ በኋላ ሽሮው ቀረበ። ያን ቀን ስለ እንጀራ ሒሳብ ደግሞ የቀለደ ሰው አልነበረም።

ከዝናብ በኋላ

ምግብ ከተበላ በኋላ ትምህርቱ አላለቀም። የራሰ ጠመንጃ እንደ ራሰ ማረሻ አይጣልም። አሥር አለቃ ጽዳቱን እንዲህ አሳዩን።

በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ እንደገና ይፈተሻል። በሁለተኛ ደረጃ ውጭው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። በሦስተኛ ደረጃ የአፈሙዙ ውስጥ ይጸዳል። የድሮ ጥይት በማቀጣጠያው ውስጥ ጨው የሚተው ነገር አለው። ይህ ጨው በዓይን አይታይም። ከአየር እርጥበት ስቦ በአንድ ሌሊት ብረቱን ያዝጋል። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ እንጂ ዘይት ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ትኩስ ውሃ ይፈስበትና በዘንግና በጨርቅ ይወለወላል። ውሃው ትኩስ የሆነበት ምክንያት ብረቱን አሙቆ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። በአራተኛ ደረጃ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀጭን ዘይት ይቀባል። ዘይት መብዛት የለበትም። የበዛ ዘይት አቧራና ጭቃ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ከመተኮስ በፊትም የአፈሙዙ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይወጣል።

ከውጭ ብርድ የገባ ጠመንጃ እሳት ወዳለበት ሙቅ ቤት ሲገባ ብረቱ ላይ ላብ ይወጣል። የተዘጋ ማስቀመጫ ውስጥ ወዲያው ካስገቡት እርጥበቱ ታፍኖ ያዝገዋል። ጥቂት ቆይቶ፣ ተጠርጎ፣ ከዚያ ይቀመጣል። ጥይቱም ከጠመንጃው ተለይቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ልጅ እንዳይደርስበት ቁልፍ ይደረግበታል። የዛገ፣ የረጠበ፣ የተጣመመ ጥይት አይተኮስም። ምላጭ ተስቦ ጥይት ቢከሽፍም መዝጊያውን ወዲያው መክፈት አይገባም። ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ እስከ 30 ቆጥሮ መክፈት ነው።

ዛሬስ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። የተኛንበት ሜዳ ዛሬ ቤትና መንገድ ሆኗል። የዚያ ዘመን የቀበሌ ጥበቃም ከሥርዓቱ ጋር አልፏል። ዛሬ በጎፋ ማንም ተነስቶ የተኩስ ትምህርት ላድርግ ቢል አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። መሣሪያን የሚመለከት ሕግ ወጥቷል። ይኸውም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር ያስቀጣል። መሣሪያ ያለው አንባቢ ፈቃዱን ይመርምር። ማንበብ ስለሚችል ቁጥሩን ከመሣሪያው ቁጥር ጋር ራሱ ያስተያይ።

አንድ ነገር ግን ዛሬም አልቀረም። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በበዓል ቀን ወደ ሰማይ መተኮስ አለ። ደስታ ነው ይባላል። ጥይቱ ግን ሰማይ ላይ አይቀርም። ወጥቶ ወጥቶ ጉልበቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ሲመለስም የሰው ራስ ለመስበር የሚበቃ ፍጥነት አለው። ተኳሹ የት እንደሚወድቅ አያውቅም። በሌላ ሰው ግቢ፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ላይ ሊወድቅ ይችላል። አራተኛው ሕግ ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳታውቅ አትተኩስ ይል የለም? ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ኢላማው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ያን ቀን ጠመንጃዎቹ ሦስት ነበሩ። ኮሪያ የዘመተ አስተማሪም ነበረን። ቀይ ጨርቅ ሰቅለናል፣ ዘበኛ አቁመናል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ጥይት አመለጠን። ያመለጠውን ያገኘው አንድ ደብተርና ያላየሁትን አልጽፍም ያለች አንዲት ሴት ናት። ጠመንጃ በቤታችሁ ካለ ደብተርም ይኑር። ስንት ጥይት እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ መቼ እንደወጣ ጻፉ። ቁጥሩ ካልሞላ እስኪሞላ ድረስ አትቀመጡ፣ አትብሉ፣ አትተኙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጥንቱ ጠመንጃ በዝናብ ጊዜ ለምን አይሠራም ነበር? ቀልሃ ምን ለወጠ?

2. ከኢላማው በስተጀርባ የአፈር ግድግዳ ለምን ያስፈልጋል? ድንጋይና ውሃ ለምን አይሆኑም?

3. ብልጭታ ካየን በኋላ 6 ስንቆጥር ነጎድጓድ ብንሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል? ምን ማድረግ ይገባል?

4. የፊቱ ማነጣጠሪያ 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ በ100 ሜትር ላይ ጥይቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል?

5. ጥይቱ ሳይፈተሽ የቀረው በማን ጥፋት ነው ትላላችሁ? በወጣቱ ነው? በአሥር አለቃ ነው? ወይስ በሁላችን? በየቡድናችሁ ተወያዩበት።

6. በአካባቢያችሁ በሠርግና በለቅሶ ይተኮሳል? እንዲቀር ማን ምን ማድረግ ይችላል? አሥር መስመር ጻፉ።